የቱርቦ መኪና ደንብ ለምን ያጨቃጭቃል?

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ሞዴላቸው አንድ ነው። ጎማቸውም፣ የተመረቱበት ዓመትም ያው ነው። ኮፈናቸውን ከፍታችሁ ብታዩ ልዩነት አታገኙም። አንደኛው ግን ከሌላው በ60 የፈረስ ጉልበት ይበልጣል። ባለቤቱ አንድ ቡሎን አልፈታም። ላፕቶፑን ሰካ፣ ጥቂት ጠበቀ፣ ነቀለ። በቃ።

በአማተር የመኪና ውድድር፣ በተለይ በአውቶክሮስ፣ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው መሣሪያ) በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። «የቱርቦን ጉልበት በኮምፒውተር መጨመር ይፈቀድ» የሚለውም «ይከልከል» የሚለውም የሚያወራው ስለ ፍትሕ ነው። እኔን ግን ሁሌ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ደንቡን ጥሶ የመጣውን ሰው በምን ታውቁታላችሁ?

መጀመሪያ ጨዋታውን እንተዋወቅ። አውቶክሮስ ሰፊ አስፋልት ላይ የሚደረግ የሰዓት ውድድር ነው። ቦታው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወይም የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሆን ይችላል። መንገዱ በፕላስቲክ ኮኖች ይሠመራል፤ ጠመዝማዛ ነው። መኪኖች አይተላለፉም፣ አይጋፉም። ተራ በተራ ገብተው ሰዓታቸው ይያዛል። አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይርቅም። አብዛኛው በሁለተኛ ማርሽ ያልቃል። ይህቺን ሁለተኛ ማርሽ ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ደንብን በተመለከተ ዋናው ምሳሌ ኤስሲሲኤ ይሆናል። በ1944 የተመሠረተ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአውቶክሮስ ፕሮግራሙን «ሶሎ» ይለዋል። ብሔራዊ ሻምፒዮናው በነብራስካ ግዛት፣ ሊንከን ከተማ፣ በድሮ የአየር ኃይል ሰፈር አስፋልት ላይ ይካሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ከ1,000 በላይ ነጂ ይሰለፍበታል። አንድ ኮን የገጨ ሰዓቱ ላይ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አንደኛና ሁለተኛ በመቶኛ ሰከንድ በሚለያዩበት ቦታ 2 ሰከንድ ማለት ቀንህ አለቀ ማለት ነው።

መኪኖቹ ምን ያህል እንደተነካኩ እየታየ በምድብ ይከፈላሉ። ታችኛው «ስትሪት» ይባላል። እዚህ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ለማለት ይቻላል። ሾክ አብዞርበር መቀየር ይፈቀዳል። መኪናው ወደ ጎን እንዳያጋድል ከሚይዙት ሁለት ብረቶች አንዱን መቀየርም እንዲሁ። ጭሱን ከሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ወዲያ ያለው ጭስ ማውጫ ይለወጣል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ግን አይነካም። ከዚያ ከፍ ሲል «ስትሪት ቱሪንግ» ይመጣል፤ ሞላ ይቀየራል፣ ሰፋ ያለ ቸርኬ ይገጠማል፣ ኮምፒውተሩም በአዲስ ፕሮግራም ሊጻፍ ይችላል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ገደቡ እየላላ ይሄድና «ስትሪት ሞዲፋይድ» ላይ ስትደርሱ ቱርቦ የሌለው መኪና ላይ ቱርቦ መግጠም ሁሉ ይቻላል። ከሁሉም በላይ የሚሠራ አንድ መርሕ አለ። ደንቡ ላይ «ይፈቀዳል» ተብሎ ያልተጻፈ ነገር የተከለከለ ነው። «አልተከለከለም እኮ» ብሎ መከራከር እዚህ አያዋጣም።

ጭቅጭቁ የሚነሳው መካከለኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩን መንካት ተፈቅዶ ቱርቦውን መንካት ያልተፈቀደበት ቦታ።

አየር ነው ጉዳዩ

የሞተር ጉልበት የሚመጣው ከሚቃጠል ነዳጅ ነው። ነዳጅ ለመቃጠል አየር ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ፒስተኑ ሲወርድ የሚስበውን አየር ብቻ ነው። ያ አየር በባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ገደማ ግፊት አለው። ሞተሩ ከዚያ በላይ ልጨምር ቢል ከየት ያመጣል?

ቱርቦ ዝም ብሎ ይባክን የነበረውን የጭስ ኃይል ይጠቀምበታል። ጭሱ ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል። ተርባይኑ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ ያዞራል። መጭመቂያው አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። ከተለመደው በላይ የሚጨመረውን ግፊት የውድድር ሰዎች ቡስት ይሉታል። ቡስቱ 1 ባር ከሆነ፣ በሙቀት የሚጠፋውን ትተን፣ ሞተሩ እጥፍ አየር አገኘ ማለት ነው። እጥፍ አየር ሲኖር እጥፍ ነዳጅ ይቃጠላል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ፓተንቱን ያወጣው በ1905 ነው። ለገበያ በቀረቡ የቤት መኪኖች ላይ የታየው ግን በ1962፣ በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በሸቭሮሌ ኮርቬር ላይ ነው።

ቡስቱ ያለ ልክ ከወጣ ሞተሩ ይፈነዳል። ስለዚህ ዌስትጌት የሚባል ትንሽ በር አለ። በሩ ሲከፈት ጭሱ ተርባይኑን ሳይነካ ያልፋል፤ ቡስቱም ይረግባል። ድሮ በሩን የሚቆጣጠረው ሞላ ብቻ ነበር። ዛሬ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው የሚያዘው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችውን ቁጥር የቀየረ ሰው የሞተሩን ጉልበት ቀየረ ማለት ነው።

አሁን ክርክሩ ለምን እንደሚያስቆጣ ይገባችኋል። ደንቡ «ኮምፒውተሩን በአዲስ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል» ቢል ለሁሉም እኩል የተሰጠ ፈቃድ ይመስላል። ግን አይደለም። ቶዮታ ጂአር 86ን ውሰዱ። 2.4 ሊትር ሞተር አለው፤ ቱርቦ የለውም፤ 228 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ባለቤቱ ኮምፒውተሩን ቢያስተካክል የሚያገኘው ጥቂት ነው። አየሩ ያው አየር ነዋ! የዚያው ድርጅት ጂአር ኮሮላ ደግሞ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ነው፤ ሦስት ፒስተን ብቻ። በቱርቦ 300 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የቱርቦ መኪና ፕሮግራም ሲቀየር ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ መዝለሉ የተለመደ ነው። ከፍ ያለ የኢታኖል መጠን ያለው ነዳጅ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አንዱ ሰው በፈቃዱ ቁራሽ ሲያገኝ ሌላው ሙሉ ዳቦ ወሰደ ማለት ነው።

የቱርቦ ባለቤቶች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ቀላል አይደለም። «የእኛ መኪና ከባድ ነው» ይላሉ። «ሙቀት ይጎዳናል፣ ነዳጅ ረግጠን ቱርቦው እስኪነሳ እንዘገያለን፣ ቀላል መኪና ግን ኮን ለኮን ሲጠማዘዝ ጥሎን ይሄዳል። ለሌላው የተፈቀደውን ያህል እኛም ሞተራችንን እናስተካክል።» እውነት አላቸው።

«በተዘዋዋሪ» የምትለው ቃል

ኤስሲሲኤ በስትሪት ቱሪንግ ምድብ ለዓመታት የሞከረው መፍትሔ መሐል መንገድ ነበር። ኮምፒውተሩን ማስተካከል ይቻላል፤ ቡስቱን በቀጥታ መጨመር ግን ክልክል ነው። በኤሌክትሮኒክስም ሆነ በመካኒክ የቱርቦውን መቆጣጠሪያ መንካት አይቻልም። ነገር ግን ሌላ የተፈቀደ ለውጥ ቡስቱን በተዘዋዋሪ ቢጨምረው ችግር የለም።

ወረቀት ላይ ያምራል። ጋራዥ ውስጥ ግን ያስቸግራል።

ጭስ ማውጫውን በሰፊ ቀየርክ እንበል። ተፈቅዷል። ጭሱ በቀላሉ ስለሚወጣ ተርባይኑ ቶሎ ይነሳል። አንዳንድ መኪና ላይ ዌስትጌቱ ጠባብ ስለሆነ ትርፉን ጭስ ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ቡስቱ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል። ይህ «በተዘዋዋሪ» ነው፤ ሕጋዊ ነው። በሌላ መኪና ላይ ግን ኮምፒውተሩ ንቁ ነው። ከታዘዘው በላይ ሲወጣ በሩን ይከፍትና ወደነበረበት ይመልሰዋል። ያኛው ሰው በዚያው ፈቃድ ምንም አላተረፈም። አንድ ደንብ፣ ሁለት ውጤት፤ ልዩነቱን የወሰነው ፋብሪካው በሩን ስንት ሚሊ ሜትር አድርጎ እንደሠራው ነው።

ከዚህ የባሰው ችግር «የፋብሪካ ቡስት» የሚባል አንድ ቁጥር አለመኖሩ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሠንጠረዥ ነው። በሞተሩ ዙር ይለያያል፣ በአየሩ ሙቀት ይለያያል፣ በነዳጁ ጥራት ይለያያል። በማርሽም ይለያያል። ማዝዳ በ2007 ሞዴል ያወጣት ማዝዳስፒድ 3 የፊት ጎማዎቿ መሪውን እንዳይነጥቁ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ማርሽ ጉልበቷን ትቀንስ ነበር። አሁን ሁለተኛ ማርሽን አስታውሱ። አንድ ሰው ያቺን ገደብ ብቻ ቢያነሳ ከፍተኛው ቡስት አልተለወጠም። በመለኪያ ቢታይ የፋብሪካው ቁጥር ነው። አውቶክሮስ ግን የሚነዳው በሁለተኛ ማርሽ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ያገኘው ዋናውን ጥቅም ነው።

አጭበርባሪ ለመሆን ላፕቶፕም አያስፈልግም። ወደ ዌስትጌቱ የሚሄደው ግፊት በቀጭን የጎማ ቱቦ ነው የሚያልፈው። አንዳንድ መኪኖች ላይ ቱቦው ውስጥ ቀዳዳዋ በጣም የጠበበች ትንሽ ብረት አለች። ቀዳዳዋ በመጠኑ ከተለወጠች፣ ወይም ቱቦው ላይ ትንሽ ማስተንፈሻ ከተገጠመ፣ ዌስትጌቱ እውነተኛውን ግፊት አያውቅም። ዘግይቶ ይከፈታል። ያቺን ብረት ለማግኘት የትኛው ቱቦ ውስጥ እንዳለች ማወቅ፣ ከዚያም መፍታት ያስፈልጋል።

ትልልቆቹም ተቸግረውበታል

ይህ የአማተሮች ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ገንዘብና መሐንዲስ የሞላባቸው ውድድሮችም ከቱርቦ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል።

ቀላሉ ዘዴ ማባዛት ነው። የቱርቦው ሞተር መጠን በሆነ ቁጥር ተባዝቶ ከትላልቅ ሞተሮች ጋር ይመደባል። በ1980ዎቹ የግሩፕ ቢ ራሊ ቁጥሩ 1.4 ነበር። ውጤቱን ተመልከቱ። የላንቺያ ዴልታ ኤስ4 ሞተር 1,759 ሲሲ ነበር፤ በ1.4 ሲባዛ 2,462 ገደማ ይሆናል። የፔዦ 205 ቲ16 ሞተር 1,775 ሲሲ ነበር፤ ሲባዛ 2,485። ሁለቱም ከ2,500 በታች ለጥቂት ሾልከዋል፤ ምክንያቱም ከ2,500 በታች ያለው ምድብ መኪናው ቀለል እንዲል ይፈቅድ ነበር። መሐንዲሶቹ ሞተሩን የሠሩት ከደንቡ መስመር ተነስተው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ነው። በኋላ ቁጥሩ ወደ 1.7 ከፍ አለ። እስቲ በጂአር ኮሮላ ላይ ሞክሩት። 1,618 ሲሲ በ1.4 ሲባዛ ከጂአር 86 ያንሳል፤ በ1.7 ሲባዛ ይበልጣል። የትኛው ነው ትክክል? እንደ ቡስቱ ነዋ። ቡስቱ ካልታሰረ የማባዣ ቁጥሩ ግምት ነው።

ፎርሙላ 1 ቡስቱን ራሱን ለማሰር ሞክሯል። ሬኖ በ1977 ቱርቦ ይዞ ሲገባ ደንቡ 1.5 ሊትር ቱርቦን ከ3 ሊትር ሞተር ጋር እኩል ያደርግ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቱርቦዎቹ ለማጣሪያ ዙር ከ1,000 በላይ የፈረስ ጉልበት ያወጡ ጀመር። በ1987 አስተዳዳሪዎቹ ለየሞተሩ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ራሳቸው አደሉ፤ ጣሪያው 4 ባር ሆነ። በ1988 ወደ 2.5 ባር ወረደ። ቱርቦ አበቃለት ሲባል ማክላረን በሆንዳ ቱርቦ ከ16 ውድድር 15ቱን አሸነፈ። በ1989 ቱርቦ ጭራሽ ተከለከለ።

ሦስተኛው ዘዴ የአየር ማጥበቢያ ቀለበት ነው። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ፊዚክሱ ያምራል። ቱርቦው አየር የሚስብበት አፍ ላይ የተወሰነ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይደረጋል። አየሩ በቀዳዳው ሲያልፍ ይፈጥናል። ፍጥነቱ የድምፅ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ግን ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቱርቦው የፈለገውን ያህል ቢስብ አንዲት ትርፍ ሞለኪውል አታልፍም። ቡስቱን ማየት አያስፈልግም፣ ኮምፒውተሩን ማየት አያስፈልግም። ቀዳዳዋን በካሊፐር (በስፋት መለኪያ) ለካ፣ ጨረስክ። በዓለም ራሊ ሻምፒዮና በ1995 ስፋቷ 34 ሚሊ ሜትር ነበር።

እሷንም ግን ሰው አታሏታል። በዚያው ዓመት በካታሎኒያ ራሊ የቶዮታ ሴሊካ ቱርቦዎች ሲፈተሹ ተንኮል ተገኘ። ቀለበቷ በሞላ የተያዘች ነበረች። ቱቦው ተገጥሞ ሲጠብቅ ቀለበቷ 5 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ትልና አየር በጎኗ ይሾልካል። ፈታሹ ሊያያት ቱቦውን ሲፈታ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ቶዮታ የዓመቱ ነጥቡ ተሰርዞ ለ12 ወር ታገደ። የዓለም የመኪና ውድድር የበላይ አካል የሆነው የኤፍአይኤ የያኔው ፕሬዚዳንት ማክስ ሞዝሊ እንኳ የሥራውን ብልሃት ሳያደንቁ አላለፉም። ይህን ያጋለጠው በደመወዝ የሚሠራ፣ መኪናውን እስከ መጨረሻዋ ቡሎን መፍታት የሚችል የፍተሻ ቡድን ነው። የአውቶክሮስ ፈታሽ ማነው? ቅዳሜውን የሰጠ በጎ ፈቃደኛ። እሱም ተራው ሲደርስ ሮጦ የራሱን መኪና ይነዳል።

60 የፈረስ ጉልበት በእርግጥ ስንት ያወጣል?

እዚህ ላይ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ልለይ ነው። አውቶክሮስ ውስጥ ጉልበት የሚታሰበውን ያህል አይሠራም፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይሠራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ከመታጠፊያ ሲወጣ የመሬት ስበትን ግማሽ በሚያህል ኃይል ወደፊት መወርወር ይፈልጋል። ለዚህ ጎማው ላይ 120 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል። በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ መኪና ከዚያ ብዙም በላይ አስፋልቱን መጨበጥ አይችልም፤ ጎማው ይሽከረከራል። ስለዚህ 250 ያለው ሰው 310 ቢያደርገው በዚያ መታጠፊያ ያተረፈው ጭስ ነው። የሚጠቅመው መንገዱ ረዘም ሲልና ፍጥነቱ ሲጨምር ነው፤ በሰዓት 100 ላይ ለዚያው ግፊት 240 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል።

በአራቱም ጎማ የሚሄደው መኪና ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እሱ ጥሩ ጎማ ላይ የተሰጠውን ሁሉ አስፋልቱ ላይ ማዋል ይችላል። በ50 ላይ እያለም 200 ምናምን የፈረስ ጉልበት ይውጣል። ስለዚህ ቡስት ሲፈታ የሚጠቀመው «የቱርቦ መኪና» በጅምላ አይደለም። ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ፣ ሚትሱቢሺ ኢቮሉሽንና ጂአር ኮሮላ ናቸው የሚጠቀሙት። በፊት ጎማ የሚሄደው ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ከእነሱ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ከገባ «ቱርቦ ተፈታልህ» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? በክርክሩ ውስጥ ይህ ነጥብ ተገቢውን ቦታ ሲያገኝ አይቼ አላውቅም። ሁሉም የሚጮኸው ቱርቦ ባለውና በሌለው መሐል ስላለው ልዩነት ብቻ ነው።

ሙቀትም አለ። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ ኢንተርኩለሩ ያቀዘቅዘዋል። ኢንተርኩለር የሚሠራው ግን በሚነፍስበት ንፋስ ነው። አውቶክሮስ ላይ መኪናው አንድ ደቂቃ ይነዳና ቆሞ ተራ ይጠብቃል፤ አንዳንዴ አንዱን መኪና ሁለት ሰው ስለሚነዳው ከሞቀበት ሳይበርድ ይመለሳል። ሰዎች የአትክልት መርጫ ይዘው ኢንተርኩለር ላይ ውሃ ሲረጩ የምታዩት ለዚህ ነው። የፋብሪካው ኮምፒውተር አየሩ ሲግል ቡስቱን ራሱ ይቀንሳል። ማለትም የመጀመሪያው ዙር ላይና ሦስተኛው ዙር ላይ ያው መኪና እኩል ጉልበት የለውም።

ከፍታ ደግሞ ሚዛኑን ይገለብጠዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ቱርቦው ጨምቆ ይተካዋል፤ ሁሉንም ባይሆን ብዙውን። በባሕር ዳርቻ እኩል የሆኑ ሁለት መኪኖች ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ዴንቨር እኩል አይሆኑም። ደንብ አውጪው ግን ለሁለቱም ከተማ አንድ ወረቀት ነው የሚጽፈው።

እንዴት ይፈተሽ?

የሚቀርቡት ሐሳቦች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ አይቆሙም።

ጉልበቱን በዳይኖ፣ ማለትም የመኪናን ጉልበት በሚለካ ማሽን፣ እንለካ የሚሉ አሉ። የአንዱ ዳይኖ ቁጥር ከሌላው አይገጥምም። በዚያ ላይ የተስተካከለ ኮምፒውተር ሁለት ሦስት ፕሮግራም ይይዛል፤ መሪው ላይ ያለች ቁልፍ ተጭኖ ወደ ጨዋው ፕሮግራም መመለስ ይቻላል።

ኮምፒውተሩን ራሱን እንጠይቀው የሚሉም አሉ። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት አላቸው። በእሱ በኩል ኮምፒውተሩ የፕሮግራሙን መለያና ማረጋገጫ ቁጥር ይናገራል። ጥሩ ነው፤ ሰነፉን አጭበርባሪ ይይዛል። ጎበዙ ግን ኮምፒውተሩ የድሮውን ቁጥር እንዲናገር አድርጎ ይጽፈዋል። ተከሳሹን «ሰርቀሃል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መመዝገብ ነው።

የክለቡን የራሱን የግፊት መለኪያ ከመኪናው ላይ መግጠም ይሻላል። ይህ ይሠራል። ለየሞዴሉ የሚሆን መግጠሚያና የፋብሪካ ሠንጠረዥ ግን ማነው የሚያዘጋጀው? ስለዚህ በተግባር የቀረው ተወዳዳሪ በተወዳዳሪ ላይ የሚያቀርበው አቤቱታ ነው። መኪናው ይፈታ የሚል ሰው ለመፍቻው ገንዘብ ያስይዛል። መኪናው ንጹሕ ከሆነ ገንዘቡ ለባለመኪናው ይሄዳል። አሠራሩ ዝም ብሎ መወንጀልን ያስቀራል። ግን በዓመት ውስጥ አብረውህ ኮን የሚያነሱ፣ ሲበላሽብህ መፍቻ የሚያውሱህ ሰዎች ናቸው እኮ። ጠርጥረህም ዝም ትላለህ። የማይፈተሽ ደንብ የሚጎዳው ያከበረውን ሰው ብቻ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ የእኔን አቋም ልናገር። መሐል መንገዱ ከሁለቱም ጫፍ የባሰ ነው። በታችኛው ምድብ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አይነካ፤ ቱርቦ ላለውም ለሌለውም። ከፍ ባለው ምድብ ደግሞ ቡስት ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ፤ ቱርቦው ራሱ ግን የፋብሪካው ይሁን። ለምን? የፋብሪካ ቱርቦ በራሱ የአየር ማጥበቢያ ነው። የመጭመቂያው ተሽከርካሪ ክፍል ትንሽ ነው፤ የሚያሳልፈው አየር ልክ አለው። ከልኩ በላይ ብታዞረው የሚሰጥህ ትኩስ አየር ነው። ልኩ ደግሞ የሚታይና የሚለካ ነገር ነው፤ የአየር ቱቦውን አውልቆ በካሊፐር መለካት ይቻላል። በጎ ፈቃደኛው በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ቀሪውን ሚዛን በጎማ ስፋትና በክብደት መጠበቅ ነው። ሁለቱም በሜትርና በሚዛን ይታያሉ። በአራት ጎማ የሚሄደው ጠባብ ጎማ ወይም ተጨማሪ ክብደት ይሰጠው።

ተቃውሞው ይታወቀኛል። «ቡስት ከተለቀቀ ሁሉም ለፕሮግራም ሊከፍል ነው፤ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ሊበላ ነው፤ ድሃው ሊወጣ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። ለዚያ ነው ታችኛው ምድብ ጥብቅ ይሁን የምለው፤ ገንዘቡን ማውጣት የማይፈልግ ሰው የሚኖርበት ቤት እንዲኖረው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ አለ፤ የመንገድ መኪናን የጭስ መቆጣጠሪያ መነካካት በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ባለበት ይቆይ።

ደንቡ እንዲቀየር የሚፈልግ የኤስሲሲኤ አባል ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ለየምድቡ ወደተቋቋመው አማካሪ ኮሚቴ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሶሎ ቦርድ። ሐሳቡ ከተወደደ ለአባላት አስተያየት ይታተማል፤ የዳይሬክተሮች ቦርድ ካጸደቀው አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይሠራል። ቀርፋፋ ነው፤ ሰው መኪናውን ለደንቡ ብሎ ስለሚገዛ ቀርፋፋ መሆኑ ጥሩ ነው። ደብዳቤ የምትጽፉ ከሆነ «ፍትሐዊ አይደለም» ብቻ ብላችሁ አትላኩት። ያንን ሁሉም ይጽፋል። ያቀረባችሁት ደንብ ቅዳሜ ጠዋት በማን እጅ፣ በምን መሣሪያ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚፈተሽ ጻፉ።

ይህ ጥያቄ ከቱርቦ ጋር አብሮ የሚያልቅም አይደለም። ቴስላ በ2019 መጨረሻ ለሞዴል 3 ሎንግ ሬንጅ ባለቤቶች በ2,000 ዶላር የሚገዛ ሶፍትዌር አቀረበ። ከዜሮ እስከ 60 ማይል በሰዓት ለመድረስ የሚፈጀውን 4.4 ሰከንድ ወደ 3.9 አወረደው። ቱርቦ የለው፣ ቱቦ የለው፣ ካሊፐር የሚያርፍበት ነገር የለው። ሻጩም ጋራዥ ሳይሆን ፋብሪካው ነው። ይህ «የፋብሪካ መኪና» ነው ወይስ የተነካካ? የቱርቦውን ደንብ በወጉ ያልቋጨ ክለብ ይህን በምን እንደሚዳኝ አላውቅም።